የሳይንሳዊ ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ማስቀመጫ

የሳይንሳዊ ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ማስቀመጫ ተመራማሪዎች በጋራ የሚጽፉት የፕሮግራም ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት አገልግሎት ወይም ሰርቨር ነው። በኮምፒውተር ስሌት የተገኘን የምርምር ውጤት ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያረጋግጠው ያንኑ ኮድ ማግኘት አለበት። ስለዚህ የማስቀመጫ ምርጫ የሥራ ምቾት ብቻ ሳይሆን የምርምሩ ተዓማኒነት ጉዳይም ነው።

ታሪክ

ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ከተቋቋሙት ቀደምት ማስቀመጫዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው ሶርስፎርጅ ነው። ጉግል ኮድ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፍቶ በ2016 ተዘጋ፤ ጊቶሪየስም በ2015 ተዘግቷል። ቢትባኬት በ2020 መርኩሪያል ለተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ የሚሰጠውን አገልግሎት በማቆሙ ተጠቃሚዎቹ ኮዳቸውን ለማዛወር ተገደዋል። በ2008 የተከፈተውን ጊትሀብ ማይክሮሶፍት በ2018 ገዝቶታል። ኑምፓይና ሳይፓይ የተባሉት የፓይተን ላይብረሪዎች የሚለሙት በጊትሀብ ላይ ነው።

ማስቀመጫ ሲቀየር

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። በጊት የሚሠራ ሰው እንደ ደንቡ ኮዱን ከሙሉ ታሪኩ ጋር በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይይዛል። በመሆኑም ማስቀመጫው ቢዘጋ ኮዱን ከአንዱ ቅጂ ወስዶ ሌላ ቦታ መጫን ይቻላል። የስህተት ሪፖርቶችና ውይይቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በአገልግሎት ሰጪው ዳታቤዝ ስለሆነ ከኮዱ ጋር አብረው አይሄዱም። አንድ ቀመር ለምን እንደተለወጠ የተጻፈው በውይይቱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ኮዱ ቢተርፍም ምክንያቱ ሊጠፋ ይችላል።

አማራጮች

የንግድ ድርጅቶች ማስቀመጫ ብዙ ተጠቃሚ ስላለው አዳዲስ ተሳታፊዎችን ለማግኘት ይመቻል። ሆኖም ደንቡን የሚወስነው ድርጅቱ ሲሆን፣ ድርጅቱም ለተመዘገበበት አገር ሕግ ተገዢ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሀብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶርያና በክራይሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። በርሊን የሚገኘው ኮድበርግ በበኩሉ ለትርፍ ባልተቋቋመ ማኅበር ይተዳደራል።

ሌላው አማራጭ በተቋሙ በራሱ ሰርቨር መጠቀም ነው። የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን ጊትላብን በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያሠራል። ይህ መንገድ ነጻነት ቢሰጥም ቋሚ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ ኃይልና መጠባበቂያ ቅጂ ይጠይቃል። ከተቋሙ ውጪ ያሉ ተባባሪዎችም መግቢያ አካውንት ሊፈቀድላቸው ይገባል።

ለረጅም ጊዜ ማቆየት

ኮድ የሚሠራበት ቦታና ለዘለቄታው የሚቆይበት ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም። ሰርን ከ2013 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ዜኖዶ ለእያንዳንዱ እትም ዲኦአይ የተባለ ቋሚ መለያ ይሰጣል። የፈረንሳዩ ኢንሪያ በ2016 ይፋ ያደረገው ሶፍትዌር ሄሪቴጅ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ኮዶችን ከልዩ ልዩ ማስቀመጫዎች እየሰበሰበ ያቆያል። በምርምር ጽሑፍ ላይ የማስቀመጫውን አድራሻ ብቻ ከመጥቀስ ይልቅ ስሌቱ የተሠራበትን እትም ቋሚ መለያ ማስፈር፣ ማስቀመጫው ቢዘጋ እንኳ አንባቢው ኮዱን እንዲያገኘው ይረዳል።