መስመር ሲቆረጥ ማን ቀድሞ ይወቅ? በኔትወርክ ስዊች ላይ የሚዘጋጁ የማንቂያ መልእክቶች

በቢቸና ወይም በሞጣ ገበያ ጤፉን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ሊያስገባ፣ አልያም የይዞታ ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመጣ አርሶ አደር "ሲስተም የለም" ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ከዚህች አጭር መልስ በስተጀርባ የመብራት መጥፋት፣ የኮምፒውተር ብልሽት ወይም የመስመር መቆረጥ ይኖራል። የመጨረሻውን ባለሙያው ከተገልጋዩ ቀድሞ የሚያውቅበት ዘዴ አለ።

የእነማይ ወረዳ ማዕከል እንደሆነችው ቢቸና ያሉ ከተሞችን መሥሪያ ቤቶች ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት የተሰኘው የመንግሥት ኔትወርክ ተጀምሯል። ኔትወርኩ በመሬት መስመርና በሳተላይት ድምፅን፣ የቪዲዮ ስብሰባንና መረጃን የሚያስተላልፍ ሆኖ ተዘርግቷል። በእንዲህ ዓይነት ኔትወርክ መገናኛ ላይ ራውተርና ስዊች የሚባሉ መሣሪያዎች ይቀመጣሉ። ተራው ስዊች በአንድ ሕንፃ ያሉ ኮምፒውተሮችን ብቻ ያገናኛል፤ ከፍ ያለው ግን መረጃው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድም ይመርጣል።

ምርጫው የሚካሄደው ራውቲንግ ፕሮቶኮል በሚባል የጋራ ደንብ ነው። በአንድ ተቋም ውስጥ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦኤስፒኤፍ ይባላል። ጎረቤታሞች የሆኑ መሣሪያዎች በተለመደው አሠራር በየ10 ሴኮንዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንደኛው ለ40 ሴኮንድ ድምፁ ከጠፋ ሌላኛው እንደሞተ ቆጥሮ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሾፌር የሞጣው መንገድ ቢዘጋበት ወደ ደጀን ተመልሶ በደብረ ማርቆስ በኩል እንደሚዞረው ማለት ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መስመር ያለው መሥሪያ ቤት አንዱ ሲቆረጥበት ሁለተኛው ሥራውን ይረከባል፤ በመስኮቱ የቆመው ተገልጋይም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ምንም ለውጥ አያይም። የተቆረጠው መስመር ሳይጠገን ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለተኛው በተቆረጠ ዕለት ግን ሁሉም ነገር በአንዴ ይቆማል። ስለዚህ ማንቂያው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ማንም ሰው ችግር ባልተሰማው ሰዓት ነው።

መሣሪያው ለውጡን ለባለሙያ የሚያሳውቅበት መንገድ ኤስኤንኤምፒ የተባለ፣ እ.አ.አ በ1988 የወጣ ደንብ ሲሆን የሚልከው መልእክት ትራፕ ይባላል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የራውቲንግ ትራፕ ተዘግቶ ስለሚመጣ ባለሙያው ራሱ ሊከፍተው ይገባል። በቅድሚያ መልእክቱን የሚቀበለው የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር አድራሻ ይመዘገባል፤ መቀበያ በሩ በተለመደው ቁጥር 162 ነው። ቀጥሎ የትኞቹ ክስተቶች እንዲነገሩ እንደሚፈለግ ይመረጣል፤ የጎረቤት መጥፋትና መመለስ፣ የመስመር ሁኔታ መለወጥ፣ የይለፍ ቃል አለመጣጣም። ከሌላ ተቋም ጋር የሚያገናኘው ቢጂፒ የተባለ ፕሮቶኮል ካለም የእርሱ ለብቻው ይከፈታል። የቆዩት የኤስኤንኤምፒ ዓይነቶች መልእክቱን ሳይመሰጥሩ ስለሚልኩ፣ መለያ ማረጋገጫና ምስጠራ ያለውን ሦስተኛውን መጠቀም ይመረጣል።

ትራፕ አንዴ ተልኮ የሚቀር ነው፤ መድረሱን ማንም አያረጋግጥም። ኢንፎርም የሚባለው ዓይነት ግን ተቀባዩ "ደርሶኛል" እስኪል ድረስ ለተወሰነ ጊዜ ደጋግሞ ይልካል። ሆኖም ሁለቱም ቢሆኑ መስመር ይፈልጋሉ። አንድ መስመር ብቻ ያለው ወረዳ ያ መስመር ሲቆረጥ "ተቆረጥሁ" የሚልበት አንደበት የለውም! በዚህ ጊዜ የሚናገረው በሌላኛው ጫፍ ያለው ጎረቤቱ ነውና ማንቂያው በወረዳው ስዊች ላይ ብቻ ተዘጋጅቶ በዞን ወይም በክልል ማዕከሉ መሣሪያ ላይ ከተዘነጋ ድካሙ ከንቱ ነው።

የመልእክት ብዛትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። መብራት ሲመላለስ መስመሩ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ የባለሙያው ስልክ በማንቂያ ይጥለቀለቃል፣ በመጨረሻም ማንም አያነብበውም። የኦኤስፒኤፍ የትራፕ ደንብ ይህን አስቀድሞ በማሰብ መሣሪያው በ10 ሴኮንድ ውስጥ በድምሩ ከ7 በላይ ትራፕ እንዳይልክ በመነሻነት ይገድባል። መስመሩ ገና ሲከፈት የሚጠበቁ ለውጦችም ለሁለት እጥፍ የመጠበቂያ ጊዜ፣ ማለትም ለ80 ሴኮንድ ያህል፣ እንዳይነገሩ ያዛል።

ሌላው ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ ሰዓት ነው። መሣሪያው "06፡00" ብሎ የመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ብሎ ያነበበ ባለሙያ ብልሽቱን በ6 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። መሣሪያው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ የ3 ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል። የሁሉም መሣሪያዎች ሰዓት ከአንድ ምንጭ እንዲስተካከል ማድረግ የመስመር አቅራቢውን ለመጠየቅም ይጠቅማል፤ መስመሩ የተቆረጠበትን ደቂቃ ይዞ የሚያመለክት መሥሪያ ቤት "ከትናንት ጀምሮ የለም" ከሚለው የተሻለ መልስ ያገኛል።

ዝግጅቱ መሥራቱ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ተገልጋይ በሌለበት ሰዓት፣ ሁለተኛው መስመር መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የመጀመሪያው ሆን ተብሎ ለአጭር ጊዜ ይዘጋል። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መልእክቱ ከተቆጣጣሪው ዘንድ ካልደረሰ አድራሻው፣ የይለፍ ቃሉ ወይም በመካከል ያለው የመከላከያ ግንብ ተራ በተራ ይፈተሻል። መስመሩ ሲከፈትም የ"ተመልሷል" መልእክት መምጣቱ አብሮ ይታያል።