አሜሪካ የምትዘምተው ለእግዚአብሔር ብላ ነው?

አሜሪካ ጦሯን ወደ አንድ አገር በላከች ቁጥር በከተማችን ሁለት ወሬ ይነሣል። አንዱ «ይኼ በእስልምና ላይ የታወጀ ዘመቻ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሜሪካ የክርስቲያን አገር ናት፣ የምታደርገውን ታውቃለች» ብሎ ይጽናናል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ ላያቸው ሰው ጨርሶ የማይስማሙ ይመስላሉ። ዋናው ነገር ላይ ግን ተስማምተዋል፤ ሁለቱም የአሜሪካን ታንክ የሚነዳው ሃይማኖት ነው ብለው ያምናሉ።

እኛ በዚህ አንስማማም። ሃይማኖት በአሜሪካ ጦርነቶች ውስጥ የለም እያልን አይደለም፤ አለ፣ ያውም በብዛት አለ። ጥያቄያችን ሌላ ነው። መሪውን የጨበጠው እሱ ነው ወይስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚዘምረው? እስቲ ታሪኩን እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊሊፒንስ እንጀምር። አሜሪካ በ1898 ስፔንን በጥቂት ወራት ውጊያ አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ፓሪስ ውስጥ በተፈረመው ውልም ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ተረከበች። ፕሬዝዳንቱ ዊሊያም ማኪንሊ አጥባቂ ሜቶዲስት ነበሩ። በ1899 ዋይት ሐውስ ድረስ ለመጡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ውሳኔው ላይ እንዴት እንደደረሱ ነገሯቸው ይባላል። ሌሊት ሌሊት ክፍላቸው ውስጥ እየተንጎራደዱ፣ ተንበርክከው እየጸለዩ ቆይተው አንድ ሌሊት መልሱ መጣላቸው፦ ፊሊፒናውያንን ማስተማር፣ ማሠልጠን፣ ክርስቲያን ማድረግ። ይህን ያሳተመው ከእንግዶቹ አንዱ ሲሆን፣ ጊዜውም ማኪንሊ ከሞቱ በኋላ በ1903 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል የእሳቸው ነው ብለን አንምልም። የሃይማኖት ጦርነት ማስረጃ የሚፈልጉ ሰዎች ግን ይህን ታሪክ ደጋግመው ይጠቅሱታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፊሊፒናውያን ክርስቲያኖች ነበሩ! ከስፔን ጋር ከ300 ዓመት በላይ ሲኖሩ አብዛኞቹ ካቶሊክ ሆነዋል። ማኒላ ውስጥ የሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ በ1611 ሲመሠረት ሃርቫርድ ገና አልተፈጠረም። ደግሞስ እዚያው የጸሎት ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ደሴቶቹን ለፈረንሳይ ወይም ለጀርመን ማስረከብ ያልፈለጉበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ እነሱ በምሥራቅ የንግድ ተቀናቃኞቻችን ስለሆኑ አያዋጣም ብለዋል። ማለትም ንግዱ ከጸሎቱ ጋር አብሮ ተንበርክኮ ነበር። ቻይናን የሚያህል ገበያ ከፊሊፒንስ ወዲያ ማዶ እንዳለ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህ ካልበቃ ደግሞ ደቡብ ፊሊፒንስን እንመልከት። እዚያ የሚኖሩት ሞሮዎች ሙስሊሞች ናቸው። ክርስትናን ለማስፋፋት የመጣ ጦር መጀመሪያ የሚዘምተው በእነሱ ላይ ነው ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በነሐሴ 1899 አሜሪካኖች ከሱሉ ሱልጣን ጋር ውል ተፈራረሙ። ሃይማኖታችሁን አንነካም አሉ። የኦቶማኑን ሱልጣን አብዱልሃሚድንም ሞሮዎቹን እንዲያረጋጉላቸው ጠየቁ። ለምን? ሰሜን ላይ ነፃነታችንን አንሰጥም ያሉትን ክርስቲያን ፊሊፒናውያን ለመውጋት እጃቸው ነፃ እንዲሆን። ጦርነቱ በ1902 አበቃ ሲባል ከ4,200 በላይ አሜሪካውያንና ከ20,000 በላይ ፊሊፒናውያን ተዋጊዎች ሞተዋል። በጥይት፣ በረሀብና በበሽታ ያለቀው ሰላማዊ ሰው እስከ 200,000 ይገመታል። ከሙስሊሞቹ ጋር የተፈረመውስ ውል? ሰሜኑ ከተረጋጋ በኋላ በ1904 አሜሪካ ራሷ ቀደደችው። ተራው የሞሮዎቹ ሆነ።

አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ ይላል ያገራችን ሰው።

ወደ ቀዝቃዛው ጦርነት ስንሻገር ሃይማኖቱ ይበልጥ ጮክ ይላል። ጠላት የተባለችው ሶቪየት ኅብረት እግዚአብሔር የለም የምትል አገር ስለነበረች፣ አሜሪካ አማኝነቷን እንደ ባንዲራ ማውለብለብ ጀመረች። ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ለባንዲራ የሚገቡት ቃል ውስጥ የእግዚአብሔር ስም የገባው በ1954 ነው። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ደግሞ የአገሪቱ መሪ ቃል ሆኖ በሕግ የጸደቀው በ1956። ነገር ግን በዚያው በ1954 ሲአይኤ በመፈንቅለ መንግሥት የጣለው የጓቲማላ መንግሥት የክርስቲያን አገር መንግሥት ነበር። ፕሬዝዳንት አርቤንዝ መሬት ለገበሬ ሲያከፋፍሉ ዩናይትድ ፍሩት የተባለውን የአሜሪካ የሙዝ ኩባንያ መሬት ነክተዋል፤ ኮሚኒስቶችንም አስጠግተዋል ተብለው ተጠርጥረዋል።

ቬትናምም ትምህርት ቤት ናት። አብዛኛው ሕዝብ የቡድሃን ትምህርትና የአባቶቹን እምነት በሚከተልበት አገር፣ አሜሪካ የደገፈቻቸው የደቡቡ መሪ ንጎ ዲን ዲየም ካቶሊክ ነበሩ። እዚህ ላይ «ያውላችሁ፣ ሃይማኖት ነው» የሚል ይኖራል። እንቀጥል። በሰኔ 1963 አንድ የቡድሃ መነኩሴ ሳይጎን አደባባይ ላይ ራሱን በእሳት አቃጠለ፤ ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። ዲየም ለዋሽንግተን ሸክም ሆኑ። በኅዳር ወር ጄኔራሎቻቸው ሲነሡባቸው አሜሪካ አስቀድማ አውቃ ዝም አለች፤ ዲየምም ተገደሉ። ያኔ ዋይት ሐውስ ውስጥ የነበረው ሰው ጆን ኬኔዲ ነው፤ የመጀመሪያው ካቶሊክ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት! የሃይማኖት ወንድምነት ዲየምን አላዳናቸውም።

አፍጋኒስታን ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በ1980 የፕሬዝዳንት ካርተር የጸጥታ አማካሪ ዝቢግኒው ብርዠዚንስኪ ፓኪስታን ድንበር ድረስ ሄደው ሶቪየትን ለሚወጉት ሙጃሂዲን ንግግር አደረጉ። ወደ ቤታችሁና ወደ መስጊዳችሁ ትመለሳላችሁ፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ነው አሏቸው። አማካሪው ካቶሊክ፣ ፕሬዝዳንቱ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ባፕቲስት፣ መሣሪያው የአሜሪካ፣ ጂሃዱ የሙስሊሞች። በ2001 የአሜሪካ ቦምብ እዚያው ተራራ ላይ ሲወርድ ግን እግዚአብሔር ከማን ጋር እንደሆነ የሚናገረው ፕሬዝዳንት ተለውጦ ነበር።

በመካከሉ በ1999 ኮሶቮ አለች። የኔቶ አውሮፕላኖች ለ78 ቀናት የደበደቧት ሰርቢያ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች አገር ናት። ዘመቻው የተካሄደው በአብዛኛው ሙስሊም ለሆኑት አልባኒያውያን ጥበቃ በሚል ነው። በኦርቶዶክስ ፋሲካ እንኳ ድብደባው እንዲቆም ቢለመን አልቆመም። አሜሪካ ሁልጊዜ በእስልምና ላይ ትዘምታለች የሚለው ወዳጃችን ይህችን ገጽ መዝለል ይወዳል። አሜሪካ ለክርስቲያን ትቆማለች የሚለውም እንደዚያው።

አሁን ወደ ኢራቅ እንምጣ። ጦርነቱ ሲጀመር አንዳንዶቻችን ዳዴ እንል ነበር፤ አንዳንዶቻችን ገና አልተወለድንም። ውጤቱን ግን በዜና እየሰማን አድገናል። እዚህ ላይ የሃይማኖት ክርክሩ ጠንካራ እንደሆነ አንክድም። ጆርጅ ቡሽ በመስከረም 2001 የሚመጣውን ዘመቻ «ክሩሴድ» ብለው ጠሩት፤ ለሙስሊሙ ዓለም ይህ የመስቀል ጦርነት ማለት ነው። የፔንታጎን ባለሥልጣን የነበሩት ጄኔራል ቦይኪን ሶማሊያ ውስጥ ስለተዋጉት አንድ የጦር አበጋዝ ሲያወሩ፣ የእኔ አምላክ ከእሱ አምላክ እንደሚበልጥ አውቅ ነበር ብለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰብከዋል። ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ ወታደሮች የያዟቸው አንዳንድ የጠመንጃ ማነጣጠሪያዎች ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ተቀርጾ እንደነበርም በ2010 ተጋልጧል። ነጭ የኢቫንጀሊካል አማኞች ከሌላው አሜሪካዊ ይበልጥ ጦርነቱን እንደደገፉ የጊዜው የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ያሳያሉ።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንቁጠር። ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ጦርነቱን ተቃውመው በመጋቢት 2003 ካርዲናል ልከው ቡሽን ለምነዋል። የቡሽ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ የሜቶዲስቶቹ፣ አመራሮችም ተቃውመዋል። ጦርነቱን ያመጣው ክርስትና ከሆነ ጳጳሱን እና ጳጳሳቱን የት እናስቀምጣቸው? በ1967 ማርቲን ሉተር ኪንግ የቬትናምን ጦርነት ያወገዘው ኒው ዮርክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ነው። ያው መጽሐፍ ቅዱስ ዘማቹም ኪስ ውስጥ፣ ሰላማዊ ሰልፈኛውም እጅ ላይ ነበረ። ሁለቱንም ያስነሣ ነገር አሜሪካ ለምን ኢራቅን እንደወረረች ብቻውን ሊያስረዳን አይችልም። ከመስከረም 11 በኋላ የመጣውን ፍርሃት፣ በኋላ ሐሰት የሆነውን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ወሬ፣ የባሕረ ሰላጤውን ነዳጅ፣ ማን አለብኝነትን መጨመር ግድ ይላል።

የክርስቲያን ጦርነት ከነበረስ ክርስቲያኖቹን ምን አደረጋቸው? በሳዳም ዘመን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታሪቅ አዚዝ ክርስቲያን ነበሩ። ከ2003 በፊት የኢራቅ ክርስቲያኖች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይገመቱ ነበር። ከወረራው በኋላ ቤተ ክርስቲያኖች በቦምብ ተመቱ፤ በጥቅምት 2010 ባግዳድ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ተጠቅቶ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። በ2014 አይሲስ ሞሱልን ሲይዝ የቀሩትን አባረራቸው። ዛሬ የተረፉት ከቀድሞው ጥቂቱ ናቸው። ለሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ማኅበረሰብ የተበተነው፣ ለክርስትና ዘመተ በተባለው ጦር ማግስት ነው። ከሙስሊም ኢራቃውያን ያለቀው ደግሞ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ታዲያ የሃይማኖት ሥራው ምንድን ነው? በእኛ እይታ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ልጁን ለሚልከው ወላጅና ግብር ለሚከፍለው ሕዝብ ጦርነቱን ይሸጣል። «ለገበያ ሙት» ተብሎ የሚዘምት ወታደር የለም። ሁለተኛው የከፋው ነው፤ የወሰነውን ሰው ከጥርጣሬ ያሳርፈዋል። እግዚአብሔር ነግሮኛል ያለ መሪ ካርታውን ደግሞ አያይም፣ ሲሳሳትም ቶሎ አይመለስም። ሃይማኖት ጦርነቱን ባይለኩስም ማጥፋቱን ግን ያከብደዋል።

ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባን እኛ ነበርን። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት በክርስቲያንነት ተማምነው ነው። ቱርክ ከብቦኛል፣ እናንተም ክርስቲያን ናችሁ፣ እርዱኝ ዓይነት ነገር። ያልተረዱት አንድ ጉዳይ፣ ያቺው እንግሊዝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ክሪሚያ ላይ ከሙስሊሟ ቱርክ ጎን ተሰልፋ ክርስቲያኗን ሩሲያ ወግታ ነበር። ለደብዳቤው መልስ አልመጣም። ንጉሡ ተቆጥተው ቆንስሉን ሲያስሩ ግን ጦር መጣ። በ1868 በፋሲካ ማግስት መቅደላ ተሰበረች፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ፤ ክርስቲያኑ ጦርም ታቦት ሳይቀር ጭኖ ሄደ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለው ዘመቻ ሲታወጅ (መታወጁ አይቀርም) በአንድ ግቢ የምንኖር ክርስቲያንና ሙስሊም የሌላ አገር ፖለቲከኛ በሰጠን ወሬ ተኮራርፈን አንደር። ይልቅ አብረን እንጠይቅ፦ እዚያ አገር ወደቡ የማን ነው? ነዳጁስ? የጦር ሰፈሩስ? ምርጫው መቼ ነው? ጸሎቱን ከእነዚህ በኋላ ብንሰማው ይሻላል።