ፈቃዱ የማን ነው? ስለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሕመምና የልዩ ፈቃድ ደንብ

በአማርኛችን «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው የሰው ውዴታ ነው፥ ሁለተኛውም ሠራተኛ ከሥራው ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሠራተኛው ይጠይቃል፥ አለቃውም ይፈቅዳል። እንግዲህ ማንም ሳይጠይቅ የሚሰጥ «የግዴታ ፈቃድ» ምን ይባላል? በ1952 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠራተኞች የገጠማቸው እንዲህ ያለው ነገር ነበር።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታይ ወደ መንግሥታት ማኅበር መመለስ ያስፈልጋል። የማኅበሩ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሰር ኤሪክ ድሩሞንድ ጽሕፈት ቤቱን ሲያደራጅ፥ ሠራተኞቹ በየመንግሥቶቻቸው የተላኩ መልእክተኞች ሳይሆኑ የማኅበሩ የራሱ አገልጋዮች እንዲሆኑ አደረገ። ይህ ሐሳብ በደመወዝ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሰው በጤናው ጊዜ ለማንም ሊያገለግል ይችላል፤ በታመመ ጊዜ ግን ልቡ ወደሚጦረው ያዘነብላል። ሲታመም የሚጦረው የአገሩ መንግሥት ከሆነ፥ በጤናውም ጊዜ የዚያን መንግሥት ፊት ማየቱ አይቀርም። ማኅበሩ በ1927 ሠራተኞቹ የሚሟገቱበት የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቋቋመውም የሠራተኛው መብት በአለቃው ቸርነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በቻርተሩ 100ኛ አንቀጽ ሠራተኛው ከማንም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበል ከለከለ፤ የሠራተኞቹንም መተዳደሪያ ደንብ ጠቅላላ ጉባኤው በ1952 መጀመሪያ ላይ አጸደቀ። የሕመም ፈቃዱ ሠራተኛው እንዳገለገለበት ዘመን ይለያያል። ለጊዜው የተቀጠረ ሰው ለሠራበት ለያንዳንዱ ወር ሁለት የሥራ ቀን ያገኛል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ባለ ውል በ12 ወር ውስጥ ሦስት ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ሦስት ወር በግማሽ ደመወዝ ይፈቀድለታል፤ ሦስት ዓመት ያገለገለ ግን በአራት ዓመት ውስጥ እስከ ዘጠኝ ወር በሙሉ፥ እስከ ዘጠኝ ወር ደግሞ በግማሽ ደመወዝ ሊታከም ይችላል። ያለ ሐኪም ማስረጃ ሊቀር የሚችለው በዓመት ሰባት ቀን ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በ1958 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮን ሠራተኛም የሚተዳደረው በዚሁ ደንብ ስለሆነ፥ ጉዳዩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ልዩ ፈቃድ ከዚህ ይለያል። ለከፍተኛ ትምህርት፥ ለምርምር፥ ለረጅም ሕመም ወይም ሕፃን ለማሳደግ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ደመወዝ የለውም። መንግሥቱ ለጊዜያዊ የቴክኒክ ሥራ የፈለገው ሰው፥ በተለየ ምክንያት፥ ያለ ደመወዝ ሊሄድ ይችላል። በፖለቲካ ሹመት ወይም በዲፕሎማትነት ለማገልገል ግን ልዩ ፈቃድ አይሰጥም። በእኔ አስተያየት የደንቡ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሚኒስትር ሆኖ ከርሞ ወደ ዓለም አቀፍ ወንበሩ የሚመለስ ሰው ለማን እንዳደረ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ 1952 እንመለስ። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ኮሚቴ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩትን አሜሪካውያን ኮሙኒስቶች ናችሁን እያለ ይጠይቅ ነበር። አንዳንዶቹ፥ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለውን የሕገ መንግሥታቸውን ማሻሻያ ጠቅሰው መልስ አንሰጥም አሉ። ዋና ጸሐፊው ትሪግቭ ሊ ቋሚ ውል ያላቸውን ወዲያው ለማሰናበት ስላልቻለ ከቢሯቸው በግዴታ ፈቃድ አራቃቸው፤ ሦስት የሕግ ዐዋቂዎችንም አማከረ። ምክራቸውን በኅዳር መጨረሻ ከተቀበለ በኋላ ሠራተኞቹን አሰናበተ። የሕግ አማካሪው አብርሃም ፌለር በዚያው ወር ራሱን ገደለ።

የተባረሩት ሰዎች በ1949 ለተቋቋመው የድርጅቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ በ1953 ለ11 ሰዎች ፈረደላቸው፤ በሕገ መንግሥት መብት መጠቀም ብቻውን ከባድ ጥፋት አይደለም አለ። ካሣው 179,420 ዶላር ነበር። አሜሪካ አይከፈልም ብላ ብትሟገት፥ በላሄ ያለው የዓለም ፍርድ ቤት ሐምሌ 13 ቀን 1954 ጠቅላላ ጉባኤው ፍርዱን አልፈጽምም ለማለት መብት እንደሌለው በ9 ድምፅ በ3 ተቃውሞ አስታወቀ። ካሣው ተከፈለ።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ፍርድ የሠራተኛው ነጻነት ተረጋገጠ ይላሉ። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ያረመው ማባረሩን እንጂ ያለ ጥያቄ ማራቁን አልነበረምና። ዛሬም በጸናው ደንብ፥ ዋና ጸሐፊው ለድርጅቱ ይጠቅማል ብሎ ካመነ፥ በተለየ ሁኔታ፥ ሠራተኛው ሳይጠይቅ በራሱ አነሣሽነት ልዩ ፈቃድ ሊያስወጣው ይችላል፤ ደመወዙም ሙሉ፥ ከፊል ወይም ጭራሽ የሌለ ሊሆን ይችላል። ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ጉዳዩን የሚያቀርበው ከ2009 ጀምሮ በአሮጌው ፍርድ ቤት ፋንታ በተተካው የሙግት ፍርድ ቤት ነው።