ስንት ፓውንድ?

ካሊፎርኒያ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቀስት መሸጫ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። አደን መጀመር አምሮኝ ነበር። ባለሱቁ ገና ሰላም ሳይለኝ «ስንት ፓውንድ ትስባለህ?» አለኝ። የቀስት አውታር እስከ መጨረሻው ለመሳብ የሚፈልገው ጉልበት በፓውንድ ነው የሚለካው። እኔ ደግሞ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ቁጥር ካየሁ ትልቁን ነው የምፈልገው። «60» አልኩ። 27 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው።

ሳብኩት። ግን እንዴት? ቀስቱን ወደ ሰማይ ሰቅዬ፣ ትከሻዬን አጣምሜ፣ ጥርሴን ነክሼ። ባለሱቁ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «እስቲ አሁን ወደ ዒላማው ቀጥ አድርገህ፣ ሽቅብ ሳታነሳ ሳበው» አለኝ። ግማሽ ላይ ቀረሁ። ባለ 45 ፓውንድ ይዤ ወጣሁ፤ ኩራቴ ግን እዚያው ቀረ።

ቤት ስገባ ንዴቴን በንባብ ልወጣ ብዬ የቀስት አደን ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ። በሰሜን ካሊፎርኒያ የኖረ አንድ ሰው አገኘሁ። ስሙ ኢሺ ነው። እኛ «እሺ» እንደምንለው ማለት ይቻላል፤ በሕዝቡ ቋንቋ ግን «ሰው» ማለት ነው። እውነተኛ ስሙም አይደለም። ለባዕድ ሰው ስምን መናገር በባህላቸው ነውር ስለሆነ ለማንም ሳይነግር ሞቷል።

የኢሺ ሕዝብ ያሂ ይባላል። ወርቅ ፍለጋና መሬት ፍለጋ የመጡ ሰፋሪዎች ጨፈጨፏቸው። የተረፉት ጥቂቶች ለአሥርት ዓመታት ጫካ ውስጥ ተደብቀው ኖሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ አለቁ። እ.አ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1911 ኢሺ ብቻውን፣ በረሃብ ከስቶ ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ካለ ቄራ ግቢ ተገኘ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሳንፍራንሲስኮ ሙዚየማቸው ወስደው እዚያ አኖሩት። ሙዚየሙ አጠገብ ባለው ሆስፒታል የሚሠራ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ሊያክመው መጥቶ ጓደኛው ሆነ፤ ከዚያም ተማሪው።

ኢሺ ቀስቱን ከጥድ ይሠራና ጀርባውን በእንስሳ ጅማት ይለብጠዋል። ፖፕ እንደ እኔ ቁጥር ወዳድ ነበር መሰለኝ፣ ለካው። ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ቢሆን ነው። ፖፕ ራሱ በኋላ ለአደን የሠራቸው ቀስቶች ከ70 በላይ የሚስቡ ነበሩ። ሁለቱ ዒላማ ላይ ሲተኩሱም ኢሺ በእንግሊዞቹ ሥርዓት ሲመዘን ያን ያህል አልነበረም።

ጫካ ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢሺ ለአደን ሲዘጋጅ ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አይነካም፣ ገላውን ይታጠባል፤ ሽታው እንዳይቀድመው። ነፋሱን አይቶ ያደፍጣል። ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየሳበ የተጎዳች ጥንቸል ድምፅ ያወጣል፤ አውሬው ራሱ ይመጣለታል። ብዙ ጊዜ የሚተኩሰው ከ10 እስከ 50 ያርድ ባለው ርቀት ነው፤ ቢበዛ 45 ሜትር። ቀስቱ ያልነበረውን ፓውንድ በትዕግሥት ይሞላው ነበር ማለት ነው።

ፊዚክሱ ቀላል ነው፦ ቀስቱ በጠነከረ መጠን ፍላጻው የሚይዘው ጉልበት ይጨምራል። ግን ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው ስለቱ ቆርጦ ደም ስለሚያፈስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የት አረፈ የሚለው ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ በ60 የሚተኩስ ሰው አጋዘኑን ያቆስለዋል፤ እንስሳው ሮጦ ማንም የማያየው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሠቃይቶ ይሞታል። የአዳኙ ኩራት ዋጋ ይሄ ነው፤ ከፋዩ ግን እሱ አይደለም።

ትልቅ ቁጥር ጭራሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1545 የሰመጠችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ በ1982 ከባሕር ስትወጣ፣ ከእሷ የተገኙት ቀስቶች አብዛኞቹ ከ100 ፓውንድ በላይ እንደሚስቡ ተገምቷል። እነሱ ግን የተሠሩት ጥሩር የለበሰ ሰውን ከሩቅ ለመምታት ነው፤ ተኳሾቹም ለዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠለጠኑ ነበሩ። አጋዘን ጥሩር የለውም። የካሊፎርኒያ ሕግ እንኳ ለአጋዘን አደን ፓውንድ አይጠይቅም፤ ቀስቱ ፍላጻውን 130 ያርድ መወርወር ከቻለ ይበቃል።

ኢሺ ማርች 25 ቀን 1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ ከእሱ የተማረውን በ1923 ስለ ቀስት አደን ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ፤ የዛሬው የአሜሪካ ቀስት አደን ብዙ ነገሩ ከዚያ ይነሳል። አንድን ሕዝብ ያጠፉ ሰዎች ልጆች የአደን ትምህርታቸውን ከዚያ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው ወሰዱ። እኔም የዚያ ትምህርት ተቋዳሽ ነኝ፤ ይሄን ሳስብ ቀስቱ ከ45 በላይ ይከብደኛል።

ባለፈው ኦገስት አንድ ቀንዳም አጋዘን 40 ሜትር ላይ ቆመልኝ። አውታሩን ሳብኩ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለእኔ ግን ሩቅ ነበር። ትንሽ ጠበቅሁት፣ አልቀረበም። አውታሩን ሳልለቅ፣ ሳልተኩስ፣ ቀስ አድርጌ ወደ ቦታው መለስኩት። በ60ው ይሄን ማድረግ አልችልም ነበር፤ ወይ እለቀዋለሁ ወይ ያመልጠኛል።

አሁን ሰው «ስንት ፓውንድ ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ ስበህ፣ ጠብቀህ፣ ሳትተኩስ መመለስ የምትችለውን ያህል።