የሸዋ በር ዲሾች ለምን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዞሩ?



ለእድር መጽሔት ዲሽ ምኑ ነው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ቃሬዛም ሆነ ሳጥን ተሸክሞ በጠባቡ መንገዳችን ያለፈ ሰው ጥያቄው አያስቸግረውም። ከግራና ከቀኝ ግንብ ነው፤ ከላይ ደግሞ ከጣራ ወደ ጣራ የተዘረጋ ገመድ አለ። አንድ ሰው ቀድሞ ገመዱን በዱላ ከፍ ካላደረገ ተሸካሚው ጎንበስ ማለት ግዴታው ነው። ከገመዶቹ የሚበዙት የዲሽ ናቸው። ዲሹስ ለምን እዚያ ጣራ ጫፍ ላይ ወጥቶ ተሰቀለ? ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከሸዋ በር ተነስቶ ሰማይ ድረስ ይሄዳል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የዚያ ኦሊምፒክ ሥዕል ሲንኮም 3 በተባለች ሳተላይት አማካይነት ፓስፊክን ተሻግሮ አሜሪካ ድረስ ታይቷል። እንግዲህ የአገራችን ቴሌቪዥንና ከሰማይ የሚመጣው ሥዕል እኩያሞች ናቸው ለማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ እስኪገናኙ ድረስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ። በመጀመሪያ ቴሌቪዥን የሚታየው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር፤ ወደ ክፍለ ሀገር የመጣውም በየከፍታው በቆሙ ማስተላለፊያዎች ቅብብል ነው። ያን ጊዜ ጣራ ላይ የሚወጣው እንደ ዓሣ አጥንት ያለው አንቴና ነበር። አንዱ ከላይ ሆኖ ያዞራል፣ ሌላው ከበር ቆሞ «መጣ! አይ፣ ሄደ! ትንሽ መልሰው!» ይላል። አንቴና ግን ይቅር ባይ ነው። አቅጣጫውን ጥቂት ቢስት ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ነጠብጣብ ይሞላዋል እንጂ ሰውየውን ከነባርኔጣው ታየዋለህ። ዲሽ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

ምክንያቱን ለመረዳት ሳተላይቱ የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። አርተር ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1945 እንደጻፈው፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞር አካል ዙሩን የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ከታች ለሚያየው ሰው እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሞ ይቀራል። ዲሹን አንዴ አስተካክሎ ማሰር የተቻለው በዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን ከዚያ ርቀት አንድ ዲግሪ ማለት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስሕተት ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ዲሹ በአንድ ጣት ስፋት ፈቀቅ ቢል ሥዕሉ አይደበዝዝም፤ ጭራሹን ይጠፋል።

የዓረብ አገሮች ማኅበር የሆነው ዓረብሳት የመጀመሪያ ሳተላይቱን ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኤምቢሲ የተባለው የዓረብኛ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥርጭት ጀመረ። ቀጥሎም በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. የግብፁ ናይልሳት 101 መጠቀ። ዲጂታል በመሆኑ ብዙ ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ለመቀበልም እንደ ቀድሞው ግቢ የሚያጣብብ ትልቅ ሳህን አያሻም። በሃይማኖትም በንግድም ከዓረብኛ ጋር የቆየ ትውውቅ ላላት ለሐረር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኋላም የአገራችን ጣቢያዎች እዚያው ናይልሳት ላይ ተሳፈሩ። የዓረብኛውም የአማርኛውም ተመልካች ዲሹን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ላይ ነው። ናይልሳት የቆመው ከግሪንዊች 7 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ነው። ሐረር ደግሞ በ42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ሒሳቡ ሲሠራ ከእኛ ዘንድ ሳተላይቱ ከሰሜን በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር 262 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ ማለትም ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ። ለጀጎል ሰው ከዚህ የቀለለ ምልክት አለ። መካ ከሐረር ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ነች። ስለዚህ ወደ ቂብላ ዞሮ የቆመ ሰው ግራ እጁን በቀጥታ ቢዘረጋ ናይልሳትን ጠቆመ ማለት ነው። ኮምፓስ ከቆርቆሮ ጣራ አጠገብ ስለሚዋሽ ይኸኛው ምልክት ይሻላል እላለሁ።

ከፍታው ግን 33 ዲግሪ ብቻ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ ውስጥ ያሉትን ቤቶች አስቡ። ግቢው ትንሽ፣ ዙሪያው በድንጋይ ግንብ የታጠረ፣ የጎረቤት ፎቅ ከላይ የሚያይበት ነው። ከዲሹ 3 ሜትር ከፍ ያለ ግንብ በምዕራብ በኩል ካለ፣ ዲሹ ከግንቡ 4 ሜትር ከ60 ሳንቲም ካልራቀ ናይልሳትን አያይም። በጀጎል ይህን ያህል ባዶ ቦታ በምዕራብ በኩል ያለው ግቢ ስንት ነው? ከግንቡ ውጭ፣ በሸዋ በር ገበያ በኩልም ቢሆን ቤት ከቤት እየተጠጋ ሲሄድ ያው ሆነ። የቀረው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነበር። የጣራ ጫፍ፣ የግንብ አናት፣ ግድግዳ ተበስቶ የተተከለ ብረት። ገጣሚው በአንድ እጁ ብረቱን፣ በሌላው መፍቻውን ይዞ፣ ከመንገዱ በላይ ተንጠልጥሎ ይሠራል። የሚረግጠው ቆርቆሮ ሥር ያለው እንጨት ስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ገመዱም የመብራት ሽቦ እየታከከ ይወርዳል። የእድር ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበው ስለ ቴሌቪዥን አይደለም።

ዲሽ የጣራ ዕቃ ብቻ አለመሆኑም የታየበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከልክሎ ነበር። አዋጁ በሐምሌ 2009 ተነሳ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የተባለውን የጋራ ሥርጭት ጀመረ። ጣቢያዎቻችን ተበታትነው ከመከራየት ባንድነት መሳፈራቸው ነው። የተሳፈሩባት ሳተላይት ኤንኤስኤስ 12 ትባላለች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. መጥቃ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የቆመች ናት። በየሰፈሩ መሰላል ተፈለገ፤ ዲሽ ገጣሚዎችም ፋታ አጡ።

ሕዝቡ የተረዳው «ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞረ» የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ አቅጣጫው 121 ዲግሪ፣ ደቡብ ምሥራቅ ነው። እምብዛም ያልተወራው ግን ከፍታው ነው። ይህች ሳተላይት ከሐረር የምትታየው በ69 ዲግሪ ተኩል ከፍታ፣ ከአናታችን እምብዛም ሳትርቅ ነው። ያው 3 ሜትር ግንብ አሁን የሚጠይቀው ርቀት 1 ሜትር ከ12 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ለሳህኑ ስፋት ጨምረን 1 ሜትር ተኩል እንበለው። የጀጎል ግቢ ይህን አያጣም! ዝናብም ቢመጣ ይሻላል። ከ33 ዲግሪ የሚመጣው ሞገድ ዝናቡን በሰያፍ ስለሚያቋርጥ ከላይ ከሚወርደው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ዝናብ ውስጥ ያልፋል።

እንግዲህ ዲሹን ጣራ ላይ ያወጣው ምክንያት ለአገር ውስጥ ጣቢያዎች ያን ጊዜ ቀርቷል። ሆኖም ብዙዎቻችን ያደረግነው እዚያው ብረት ላይ እንዳለ ማዞር ነው። ብረቱ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ማን ይነቅለዋል! በእኔ አስተያየት ያመለጠን ነገር ይህ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በአሮጌው ግንብ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ሁሉ ለምን እንደሚበሳ መጠየቅ የሚገባው ሆኖ ሳለ ማንም አልጠየቀም።

በግቢ ውስጥ ለመትከል የሚፈልግ አባል ሥራው ይህን ያህል ነው። ብረቱ በቱምቢ ተለክቶ ቀጥ ይበል፤ ከዘመመ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። መጀመሪያ ከፍታው ይስተካከል። የተለመደው ሳህን ለናይልሳት ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ለዚህችኛዋ ግን ወደ ኋላ እንደ ተንጋለለ ሰው ይሆናል፤ ይህን አይቶ ተበላሸ ማለት አይገባም። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ መግፋት ነው። ሪሲቨሩ ሞገዱን ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ቸኩሎ የሚያዞር ሰው ሳተላይቷን ደጋግሞ ያልፋታል። በመጨረሻ ከፊት ያለችውን ኤልኤንቢ ግራና ቀኝ እያጠማዘዙ የጥራቱን ቁጥር ማየት ነው።

ቦታው ይበቃ እንደሆነ ግን መሰላልም ባለሙያም ሳይጠሩ ማወቅ ይቻላል። በደመራ ሰሞን፣ ከመስከረም 16 ፊትና ኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ ከሳተላይቶቹ ጀርባ ታልፋለች። ያን ጊዜ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ሪሲቨሩ ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጠጋኝ አትውሰዱት፤ የፀሐይዋ ሥራ ነው። ለ57 ምሥራቅ ሰዓቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 ግድም ነው። በዚያች ሰዓት ግቢ ወጥታችሁ ተመልከቱ፤ ጥላ ያልነካው፣ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ሳተላይቷን ያያል። ለናይልሳት ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ግድም ነው፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ግቢያችን በጥላ ተውጦ ፀሐይ የሚቀረው ጣራው ላይ ነው።

የዓረብኛ ጣቢያ የሚከታተለው ቤት ዛሬም የምዕራቡን ዲሽ ሊተው አይችልም፤ ሁለት ሳህን ጎን ለጎን የሚታየውም ለዚህ ነው። ከመንገዱ በላይ ያሉት ገመዶች ግን ሁሉም ሥራ ላይ አይደሉም። ለዚህ ጽሑፍ ስል እየቆምኩ ወደ ላይ ሳይ፣ አንዱ ጫፍ ከወደቀ ብረት፣ ሌላው ጫፍ ከተዘጋ መስኮት ጋር ብቻ የታሰረ አግኝቻለሁ።