ከስድስት ኪሎ እስከ ምክር ቤቱ ደጅ

ስሙኝማ! የተማሪንና የእንደራሴን፣ የመሬትንም ነገር ላውጋችሁ። ዘመኑ 1957 ነው፤ ወሩ የካቲት። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ ሽቅብ፣ ስድስት ኪሎ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው በ1954 ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ። ሌላው ቁልቁል፣ አራት ኪሎ፤ ባለ ሰዓት ማማው ምክር ቤት። የአራት ኪሎው የሳይንስ ተማሪማ ከምክር ቤቱ ጋር ጎረቤት ነው።

የሁለቱም ቤት ቁልፍ በአንድ እጅ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ናቸው። ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓላቸው ዕለት፣ የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን በንግግር የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው። ምክር ቤቱን በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ያቆሙት፣ በ1948 ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት ይምረጥ ያሉትም እሳቸው። ታዲያ ዕጩ ለመሆን በምርጫ ወረዳው ንብረት ያስፈልጋል። ምንም የሌለው ጭሰኛ ድምፁን ይሰጣል እንጂ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህች ይመዘዛል።

የዚያን ጊዜውን የደቡብ ጭሰኛ አስቡት። ክረምቱን ሲያርስ፣ ሲያርም ከርሞ እህሉ አውድማ ላይ ይወቃል። ነፋሱ ገለባውን ከወሰደ በኋላ ቁናው ይመጣል። ሲሶው ለባለመሬቱ፤ ብዙ ቦታ ደግሞ እኩሌታው። በሬና ዘር የተበደረ ከዚያም በላይ ይቆረጥበታል። የአስራቱም ዕዳ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እሱው ትከሻ ላይ ነው። አልከፍልም ያለ እንደሆን፣ ውጣ መባል አለ። ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በምርት የሚከፈል የመሬት ኪራይ ከሦስት አራተኛ እንዳያልፍ ነው የከለከለው። ሦስት አራተኛ! ከአራት ቁና ሦስቱን ስጥና በአንዷ ቁና ከነልጆችህ ክረም ማለት እኮ ነው። ይህን ሕግ የጻፈ ሰው፣ ያጸደቀውም ምክር ቤት፣ አውድማው ዳር ቆሞ ቢሆን ኖሮ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ልጆች ግን አውድማውን ያውቁታል። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ናቸው፤ የገበሬ ልጅ አለባቸው፣ የባለመሬት ልጅም አለባቸው። ከሌላው የአፍሪካ አገር በንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ዕድል የመጡ ጓደኞቻቸው ደግሞ ስለ ነፃነት ትግል ያወሯቸዋል። በኮሌጅ ቀን በዓል የሚቀርበው ግጥም ከውዳሴ ወደ ድሃው ኑሮ የዞረው በዚያን ሰሞን ነው። ከመካከላቸው ‹አዞዎች› የሚባሉ ጥቂት ልጆች ነበሩ፤ የሰልፉ ሞተር እነሱ ናቸው።

ምክር ቤቱ በባለመሬትና በጭሰኛ ግንኙነት ላይ ሊነጋገር መሆኑ ተሰማ። በቃ፣ ተማሪው ነቅሎ ወጣ። ‹መሬት ለአራሹ!› እያለ ምክር ቤቱ ደጅ ደረሰ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች የሄዱት ወደ ጦር ሰፈር አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ ተማሪ የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ ደግፎ ተሰልፎ ነበር። አሁን ግን የሚጮኹት ለእንደራሴ ነው። ሕግ አውጡ ነው የሚሉት። ለሕግ አውጪ ከዚህ የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል? እኔ የዚያን ቀን ነገር ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ በዚህ ነው።

መልሱስ? ከመሪዎቹ ከትምህርት የታገዱ ነበሩ። በ1958 መሬትን የሚመለከት ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የጭሰኛው ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ምክር ቤት ገባ። ገባና አደረ፤ አደረና ከረመ። አንዴ ለጥናት፣ አንዴ ለሚቀጥለው ጉባኤ። የሕግ መወሰኛው መኳንንት፣ የሕግ መምሪያው ባለርስት፣ በገዛ ጎተራቸው ላይ እጅ ማውጣት አቃታቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር የተማሪው ቃል እየመረረ ሄደ። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ ስድስት ኪሎ ላይ አስከሬኑን ከበው የነበሩ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ፤ የሞቱም አሉ። ከዚያ ወዲያ ምክር ቤት ይሰማናል የሚል ተማሪ ማግኘት ከባድ ሆነ።

ረቂቁ ሳይጸድቅ 1966 ደረሰ። አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዕለት ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967፣ ከሰልፉ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው የወታደሮች ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት የሚያደርገውን አዋጅ አወጣ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ በጥንቱ ልክ ከሩብ ጋሻ፣ የማይበልጥ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ሲሶና እኩል ቀረ። አዲስ አበባ በድጋፍ ሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ደስታውም የእውነት ደስታ ነበር። ነገር ግን መሬቱን መሸጥም፣ ማስያዝም፣ ማከራየትም ተከለከለ። አራሹ ይዞታ አገኘ፤ ባለቤትነቱ ግን በመንግሥት እጅ ገባ። ይህ ይበጃል፣ ያኛው ይበጃል ብሎ የተከራከረበት እንደራሴ የለም፤ የሚከራከርበት አዳራሽ ራሱ ተዘግቷላ! ዐሥር ዓመት ሙሉ መነጋገር ሲቻል ዝም ያሉት ሰዎች፣ ከጎተራቸው ጋር የእኛንም ክርክር ይዘው ሄዱ።

ተማሪዎቹስ? አዋጁ ሲነበብ ስድስት ኪሎ አልነበሩም። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ከታኅሣሥ 1967 ጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርዷል። ገሚሱ ወዶ፣ ገሚሱ ወታደሩን እየተጠራጠረ። አዋጁ በሬዲዮ ሲሰማ ለገበሬው የማስረዳት ሥራ በነሱ ላይ ወደቀ። ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት አንድ የገበሬ ማኅበር እያሉ ያደራጁ ጀመር፤ ከባለመሬቶች ጋር ተጋጭተው በዚያው የቀሩም አሉ።