ጥቂት ጠጠር ሲቀር፦ የግራንድማስተር ዩሪ አቨርባክ ረጅም መንገድ

የዶርም ማታዎቻችንን የሚያስታውስ ሁሉ ያቺን የቼዝ ሰሌዳ አይረሳትም። አናቶሚው ሲሰለቸን እሷን እንዘረጋ ነበር። አከፋፈቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ጉዱ መጨረሻው ላይ ነው። ንጉሥና አንድ ወታደር ሲቀሩ፣ በእጃችን የገባውን ጨዋታ እኩል እንወጣለን። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ዕድሜያቸውን ያዋሉት እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ዩሪ አቨርባክ እ.ኤ.አ. በ1922 በሩስያዋ ካሉጋ ተወለዱ። የተማሩት ምህንድስና ነው። በ1952 ግራንድማስተር ሆኑ፤ በ1954 ደግሞ ኪየቭ ላይ ኮርችኖይንና ታይማኖቭን በአንድ ነጥብ ተኩል ቀድመው የሶቪየት ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያ ዘመን ይሄን ማዕረግ መውሰድ ቀልድ አልነበረም።

ሆኖም ብዙ ሰው የሚያስታውስላቸው አንድ ሽንፈት ነው። በ1953 ዙሪክ ላይ፣ ለዓለም ሻምፒዮናው ተፋላሚ ለመለየት 15 ተጫዋቾች ተሰለፉ። አሌክሳንደር ኮቶቭ በ30ኛው እርምጃ ንግሥታቸውን ለአንድ ወታደር ሰጡና የአቨርባክን ንጉሥ ከምሽጉ ጎትተው ሜዳ ላይ አወጡት። አቨርባክ በ51ኛው እርምጃ እጅ ሰጡ። የውበት ሽልማቱን ኮቶቭ ወሰዱ፤ አቨርባክም በተሸናፊነት በየመጽሐፉ ገቡ።

እሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ቦትቪኒክ በዝግ ቤት ለሚያደርጉት የልምምድ ጨዋታ የመረጡት እሳቸውን ነበር። ከ1956 እስከ 1962 ድረስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ጨዋታ ማብቂያ ሦስት ቅጽ አሳተሙ፤ ሥራው ኋላ ወደ አምስት ቅጽ አደገ። ኮምፒዩተር ሳይረዳ፣ ሁሉም በእጅ የተመረመረ ነው። ለምሳሌ ሁለት ንጉሦች አንድ ካሬ በመሃላቸው ትተው ሲፋጠጡ፣ የሚቸገረው ተራው የደረሰው ነው፤ መንገድ መልቀቅ አለበትና። ያቺን አንዲት ነገር ብናውቅ ኖሮ ስንቱን የዶርም ጨዋታ እናሸንፍ ነበር! ሌላም አለ። ጨዋታው ሲጀመር ተደብቆ የሚኖረው ንጉሥ፣ ጥቂት ጠጠር ሲቀር ራሱ ወጥቶ ይዋጋል።

የእሳቸውም ሕይወት እንደዚያው ነው። ዋናው የውድድር ዘመን ሲያልፍ መጽሔት አዘጋጁ፣ በ1970ዎቹ የሶቪየት ቼዝ ፌዴሬሽንን መሩ፣ ስለ ቼዝ ታሪክ ጻፉ። በ1993 ካስፓሮቭና ሾርት ለንደን ላይ ሲጋጠሙ በ71 ዓመታቸው ዳኛ ነበሩ። መቶ ዓመት የሞላቸው የመጀመሪያው ግራንድማስተር ሆነው በግንቦት 2022 ሞስኮ ውስጥ አረፉ።

ይህን ለምን እዚህ ጻፍሽው ትሉኝ ይሆናል። ከመምህሮቻችን አንዳንዶቹ ሆድ በመዳፋቸው ዳብሰው ብቻ ብዙ ነገር ይነግሩን ነበር። ያንን እውቀት ሳይጽፉት ይዘውት ሄዱ፤ እኛም ጻፉልን አላልናቸውም። አሁን ተራው የእኛ ነው። አርባውን አልፈናል፤ ተረኛ ሐኪሞች በሌሊት ደውለው የሚጠይቁት እኛን ነው። መልሱን ስልኩ ላይ ብቻ አናስቀረው። በማስተማር ላይ ያላችሁ መምህሮቻችንም፣ እባካችሁ፣ ማስታወሻችሁን አትጣሉ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሰሌዳዋን እኔ አመጣለሁ።